ቁልፉን ለማን ሰጣችሁ?

  

በዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የምታገኙኝ ስለ ወጥና ስለ እንጀራ ሳወራ ነው። ዛሬ ግን ከምድጃው ትንሽ ራቅ ብዬ ስለ ቤት ላጫውታችሁ። ምክንያቱም ይኼ ወቅት ሲመጣ እዚህ ኦሮራ ምግብ ቤቴ ውስጥ ወሬው ሁሉ አንድ ነው፦ «ቲኬት ቆረጣችሁ?» ገናን አዲስ አበባ፣ ጥምቀትን ጎንደር የሚል ብዙ ነው። ደስ ይላል። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ለአንድ ወር አገር ቤት ገብቶ መምጣትን የመሰለ ነገር የለም።

እኔም ሰው ሊሰናበተኝ ሲመጣ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ቁልፉን ለማን ሰጣችሁ?» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ «ለማን እንሰጣለን? ቆልፈን ነው እንጂ የምንሄደው» ይለኛል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ ብዬ ነበር። ያኔ ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁና እናንተ ከእኔ ተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ዲሴምበር ላይ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ቤተሰቤን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። ምግብ ቤቱን ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም አደራ ብዬ ዲሴምበር 18 ቀን ከዴንቨር ተነሣን። የምንመለሰው ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ ቤቱ አምስት ሳምንት ያህል ባዶውን ይቆያል ማለት ነው። ከመሄዳችን በፊት በሻንጣ ክብደት ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። የማን ጫማ ይግባ፣ የማን ይቅር፣ የአክስቴ መድኃኒት በየትኛው ሻንጣ ይሁን እያልን ሚዛኑን ስናነሣ ስንጥል ሰነበትን። ስለ ቤቱ ግን የተነጋገርነው አምስት ደቂቃ አይሞላም። መስኮቶቹን አየሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ማሞቂያውን ወደ 45 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ አደረግሁ። «ሰው በሌለበት ቤት ጋዝ ለምን ይቃጠላል?» አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ለጎረቤት አልተናገርንም። ባለቤቴን እናቷ «መንገድሽን ሳትወጪ አታውሪ» እያሉ ነው ያሳደጓት፤ እኔም ያው ነኝ። ዓይን እንዳይገባበት፣ ነገሩ ሳይሳካ እንዳይቀር ብለን ዝም አልን። ልጆቹ ግን ገና ኤርፖርት ሳለን ፎቶውን ለቀውት ነበር፤ ስንት ሰው እንዳየው እነሱ ናቸው የሚያውቁት። እንግዲህ አስቡት፦ ጉዟችንን የደበቅነው ሊረዳን ከሚችለው ጎረቤት ነው፤ ያሳየነው ደግሞ ለማናውቀው ሰው ሁሉ ነው።

የዴንቨር አካባቢ ሰው ያንን ሳምንት የሚረሳው አይመስለኝም። ዲሴምበር 21 ከሰዓት በኋላ ኤርፖርቱ ላይ የተለካው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ከ42 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ወረደ። በማግስቱ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ደረሰ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 31 ማለት ነው። እኛ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነበር።

ዲሴምበር 24 ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ እህቴ ቤት የጾም ራት በልተን ቡና እየተፈላ ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ ወንድም ነው። «ጋሼ፣ አትደንግጥ እንጂ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ምግብ ቤት መጥተዋል። ከቤትህ ፊት ለፊት ነው የምኖረው ይላሉ። ከጋራዥህ በር ሥር ውሃ እየፈሰሰ ነው አሉ» አለኝ።

ሰውየውን ለሰባት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ማለቴ፣ ለሰባት ዓመት «ሃይ» ተባብለናል። ስማቸውን አላውቅም። ስልኬም የላቸውም። ውሃውን ሲያዩ በሩን አንኳኩ፣ ቤቱን ዞሩ፣ የሚከፍት ሲያጡ ለምግብ ቤቱ ዕቃ የምጭንበት መኪና ላይ የተጻፈውን ስም አስታወሱ። በዚያ በረዶ እየነዱ ምግብ ቤቱ ድረስ ሄዱ። እንግዲህ ሰውየው የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ችግሩ የእኛው ነው። ቤታችን አራት ቁልፍ አለው፤ አራቱም አዲስ አበባ ናቸው። አንዱ እኔ ኪስ፣ አንዱ ባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ፣ ሁለቱ ልጆቹ ጋ።

በመጨረሻ የከተማው የውሃ ክፍል ሰዎች መጥተው ከመንገዱ ላይ ዘጉት። የባለቤቴ ወንድም የጓሮውን በር ሰብሮ ገባ። ውሃው ስንት ሰዓት እንደፈሰሰ እግዜር ይወቀው። የኩሽናችን ቧንቧ የሚያልፈው ከጋራዡ በላይ ባለው የውጭ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ የተሰነጠቀው እሱ ነው። የኩሽናው ወለል ተነሣ፣ ቁም ሣጥኖቹ አበጡ፣ የቤዝመንቱ ጣሪያ ወረደ።

ይኼ ሁሉ ይሠራል። ያልተሠራው ሌላ ነው። ቤዝመንት ወለል ላይ አንድ ካርቶን ነበረኝ። እናቴ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ በየጊዜው በገዛ እጇ ትጽፍልኝ ነበር፤ መስመሩን የሳተ፣ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ ደብዳቤ። ካረፈች በኋላ ከእሷ የቀረኝ እሱ ነበር። ካርቶኑ ሲከፈት ወረቀቱ እንደ ሊጥ ሆኗል፤ ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል። መደርደሪያ ላይ ባስቀምጠው ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ካርቶኑን ከወለል ማንሣት ደቂቃ አይፈጅም።

ኢንሹራንሱም ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማሞቂያው ስንት ላይ ነበር? የጋዝ ቢልህን አሳየን» ብለው ነው። ብዙ ፖሊሲዎች ላይ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ሙቀቱ በቂ ሆኖ ካልቆየ ወይም ውሃው ካልተዘጋ፣ በቅዝቃዜ የፈነዳ ቧንቧ ላይከፈልበት ይችላል። ብዙ ተከራክረን ከፊሉን ከፈሉ። የቀረውን ከኪሴ አወጣሁ። ጋዝ ለመቆጠብ ብዬ ነበር እኮ!

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እስቲ አሁን አንድ በአንድ እንየው።

ውሃው

ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠርሙስ ሙሉ ለስላሳ ፍሪዘር ውስጥ ረስታችሁ ያገኛችሁት ሰዎች ታውቁታላችሁ። ቧንቧ ውስጥም እንደዛው ነው። በረዶው መንገዱን ይዘጋል፤ በበረዶውና በተዘጋው ቧንቧ አፍ መካከል ያለው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ እየጨመረ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው፦ ቧንቧው የሚሰነጠቀው በብርዱ ቀን ቢሆንም፣ ውሃው የሚፈሰው ብዙ ጊዜ ብርዱ ሲሰበርና በረዶው ሲቀልጥ ነው። የእኛም ቤት እንደዛ ነው የሆነው። ስለዚህ «ብርዱ አለፈ፣ ተርፈናል» አትበሉ።

ቤት ውስጥ ካላችሁ፣ በጣም በሚቀዘቅዝ ሌሊት በውጭ ግድግዳ በኩል ያለውን የኩሽናና የመታጠቢያ ቧንቧ ጠብ ጠብ እንዲል ትንሽ ክፈቱት። የምትፈልጉት ግፊቱ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ከሲንኩ ሥር ያለውን የቁም ሣጥን በርም ክፈቱት፤ የቤቱ ሙቀት ቧንቧው ጋ ይድረስ። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ግን መጀመሪያ እዚያ የተቀመጠውን በረኪናና ሳሙና አንሡ። የጋራዡን በር ዘግታችሁ እደሩ። ቧንቧ ከቀዘቀዘባችሁም የቧንቧውን አፍ ከፍታችሁ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያላችሁ አሙቁት። በእሳት፣ በሻማ፣ በጋዝ ችቦ እንዳትሞክሩት፤ ግድግዳው ውስጥ እሳት ታስነሣላችሁ።

ጓሮ ያለውን የአትክልት ማጠጫ ጎማ ከቧንቧው ፍቱት። ጎማው እንደተሰካ ካደረ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ይሆንና ወደ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይሰነጥቃል። ይኼ መስከረም ጥቅምት ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ያልሠራችሁ ዛሬውኑ ውጡ።

ረጅም መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ማሞቂያውን አታጥፉ፤ ከ55 ዲግሪ ፋራናይት በታችም አታውርዱ። በሴልሺየስ 13 ገደማ ነው። ከዚያ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዝጉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ የቤታችሁ ዋና የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ ሰባት ዓመት ስኖር አላውቅም ነበር። ብዙ ጊዜ ውሃው ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባበት ቦታ ላይ፣ ቤዝመንት ውስጥ ቆጣሪው አጠገብ ነው። ክብ እጀታ ከሆነ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ማዞር ነው፤ ቀጥ ያለ እጀታ ከሆነ ሩብ ዙር ማዞር ይበቃል። ዘግታችሁ ስታበቁ ታችኛው ፎቅ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱት። ቤታችሁ የሚሞቀው በሙቅ ውሃ ራዲያተር ከሆነ ወይም ጣሪያው ላይ የእሳት ማጥፊያ ውሃ ካለው ግን ሳትዘጉ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ አከራያችሁን መዝጊያው የት እንዳለ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

እሳቱ

በብርድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ትንሹ ማሞቂያ ነው። ከመጋረጃ፣ ከአልጋ፣ ከሶፋ ቢያንስ 3 ጫማ ይራቅ። በኤክስቴንሽን ገመድ ሳይሆን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ ስትተኙና ስትወጡም ይጥፋ።

ሁለተኛው የእኛው ነው፤ የቡና ከሰል። በበዓል ቀን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እጣኑ ሸቶን ደስ ሲለን እሱ ግን ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፤ ረከቦቱ፣ ፈንዲሻው፣ ወሬው ያው ነው። የጋዙን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በየፎቁ፣ መኝታ ቤት አጠገብ ስቀሉ፤ ባትሪውንም ሞክሩት። ውጭ ሥጋ ጠብሳችሁ የተረፈውን አመድም ቶሎ ቆሻሻ ውስጥ አትድፉት። አመድ ውስጥ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ፣ ከቤቱ ርቆ ይቀዝቅዝ።

ሌባው

አንድ ደንበኛዬ ባለፈው ዓመት ለእህቷ ሠርግ ሄዳ ስትመለስ ቤቷ ተዘርፎ አገኘችው። የሙሽርነት ወርቋና ያን ሰሞን የወጣላት የዕቁብ ገንዘብ ሄደ። ሁለቱም መኝታ ቤት፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ ሌባ መጀመሪያ የሚገባው መኝታ ቤት ነው፤ ማን የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል።

ሌባው ቤቱ ባዶ መሆኑን እንዴት አወቀ? ቀላል ነው። በራፉ ላይ ሦስት ፓኬጅ ተከምሯል። ማታ ማታ መብራት የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በረዶ ወርዶ እግር ያልረገጠው፣ ጎማ ያልነካው ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። እዚህ አገር በክረምት ባዶ ቤትን የሚናገረው በረዶው ነው። ዴንቨር ከተማ ውስጥ ደግሞ በረዶው መውረዱን ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤት ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ ግዴታ ነው፤ ሳይጠረግ ሲቀር ከሌባው በተጨማሪ ቅጣቱም አለ።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በረዶ የሚጠርግ ሰው ተነጋገሩ። ጎረቤት መኪናውን እናንተ ቦታ እንዲያቆም ለምኑ፤ የጎማው ፋና ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ፖስታ ቤት ደብዳቤያችሁን ከ3 እስከ 30 ቀን በነፃ ይይዝላችኋል፤ ከ30 ቀን በላይ የምትቆዩ ከሆነ ወደ ወዳጅ አድራሻ አዙሩት። ፓኬጅ አታዝዙ። በሰዓት የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ገዝታችሁ ሳሎንና መኝታ ቤት ስኩ፤ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። የጋራዥ መክፈቻውን ውጭ በሚቆም መኪና ውስጥ አትተዉ። ቁልፍ ከበር ምንጣፍ ሥርና ከአበባ ማሰሮ ሥር አይቀመጥም፤ ሌባም እዚያው ነው የሚፈልገው።

ወርቅና ብር ላይ ምክሬ ይኼ ነው። ባንክ ውስጥ ሣጥን ተከራዩ። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ካለ ወረቀቱን አውጥቶ ያንብበው። ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ለተሰረቀ ጥሬ ገንዘብ 200 ዶላር፣ ለተሰረቀ ጌጣ ጌጥ 1,500 ዶላር ላይ ይቆማል። ወርቃችሁ ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋውን አስገምታችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ለብቻው ማስመዝገብ አለባችሁ። አፓርታማ የምትኖሩም የሕንፃው ኢንሹራንስ የእናንተን ዕቃ አይሸፍንም፤ የተከራይ ኢንሹራንስ የሚባለውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መኪና። ጠዋት ሲበርድ አስነሥቶ፣ ቁልፉን ውስጥ ትቶ፣ ቤት ገብቶ ሻይ መጠጣት ለምዶብናል። ኮሎራዶ ውስጥ ሰው የሌለበትን መኪና ቁልፉ ውስጡ ሆኖ አስነሥቶ መተው በሕግ የተከለከለ ነው። ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ እንዲህ ሲያደርግ መኪናው ሄደበት። ከመኪናው ጋር የቤቱ ቁልፍ ሄደ፤ አድራሻው የተጻፈበት ወረቀትም ሄደ። ያን ቀን ሥራ ሳይገባ በሩ ላይ ቁልፍ ሲያስቀይር ዋለ።

ፎቶውንስ? ፎቶውን ከተመለሳችሁ በኋላ ልቀቁት። ጥምቀቱ አይጠፋም፤ አንድ ወር ቢዘገይ ውበቱ አይቀንስም።

ሰው

እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ብታደርጉም አንድ ነገር ካልጨመራችሁበት ጎዶሎ ነው። ካሜራ ሌባውን ያሳያችኋል እንጂ አያስቆመውም። ውሃ ሲፈስ አዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ ማየት ትችሉ ይሆናል፤ መዝጊያውን ግን የሚያዞር እጅ ያስፈልጋል።

አገር ቤት እኮ ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም። አያት ትኖራለች፣ ሠራተኛ ትኖራለች፣ ዘበኛ አለ፤ ማንም ባይኖር ጎረቤት አጥር ላይ ሆኖ «ማነህ አንተ?» ይላል። እዚህ ያንን ሁሉ ቁልፉ እንዲሠራልን ፈለግን። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንል ሕዝቦች ነን፤ ግን ጎረቤታችንን በስሙ የምንጠራ ስንቶቻችን ነን?

ስንመለስ ባለቤቴ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ድንች ሠርታ ይዘን የሽማግሌውን በር አንኳኳን። ይቅርታ ለመጠየቅም፣ ለማመስገንም ነው። ሰውየው «ስልካችሁን ብታስቀምጡልኝ ኖሮ ቶሎ እደርስላችሁ ነበር» አሉን። እንደ መውቀስ ሳይሆን አዝነው ነው የተናገሩት። እኔ ግን አፈርኩ። ስማቸውን ያን ዕለት ጠየቅሁ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሚስታቸው ካረፉ አራት ዓመታቸው ነበር። ፊት ለፊታችን ለቅሶ አልፏል፤ እኛ አላወቅንም።

አሁን ቁልፋችን እሳቸው ጋ ነው፤ የእሳቸውም እኛ ጋ። ስንሄድ የምንተውላቸው ወረቀት አለ፦ የአዲስ አበባ ስልካችን፣ የባለቤቴ ወንድም ስልክ፣ የውሃ መዝጊያው ቦታ፣ የኢንሹራንሱ ስልክ። እኛ ስንሄድ የባለቤቴ ወንድም በየሁለት ቀኑ ይገባል፤ ማሞቂያውን ያያል፣ ሲንኩ ሥር ያያል፣ ቤዝመንት ይወርዳል፣ የአንዱን መስኮት መጋረጃ ይለውጣል። ሽማግሌው ደግሞ ከመስኮታቸው ሆነው ይጠብቃሉ። እሳቸው ባለፈው ክረምት ልጃቸውን ለመጠየቅ አሪዞና ሲሄዱ ትንሹ ልጄ በረዷቸውን ጠረገ፤ እኔም ውሃቸውን ዘጋሁ። ሲመለሱ የጠየቁኝ መጀመሪያ ስለ ቤቱ አልነበረም። «የምስሩ ወጥ አለ?» ነው ያሉኝ።

ቁልፍ መስጠት ያስፈራል፤ ይገባኛል። ለማንም ስጡ አላልኩም። ግን በዚህ ከተማ የምታምኑት አንድ ሰው ከሌላችሁ፣ ከጉዞው በፊት እሱን መፈለግ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ፣ የዕቁብ ጓደኛ፣ የልጃችሁ ጓደኛ እናት። ነገ ሳይሆን ዛሬ አንድ ሳህን ምግብ ይዛችሁ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኩ። ፈረንጅ ምግብ ይዞ የመጣን ሰው አይረሳም፤ ይኼን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለልጆች

ልጆችዬ፣ እናንተም ሥራ አላችሁ። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ጋር ሆናችሁ አራት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ፈልጉና ቀይ ሪባን እሰሩበት፤ በጨለማም እንዲታይ። ሁለተኛ፣ የጭስና የጋዝ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ መጮሁን አረጋግጡ። ሦስተኛ፣ ቤዝመንት ወለል ላይ የተቀመጠ ካርቶን ካለ መደርደሪያ ላይ እንዲወጣ አስደርጉ። ውስጡ ፎቶና ደብዳቤ ካለ ደግሞ በስልካችሁ አንድ በአንድ ፎቶ አንሡት። የአያትን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻላችሁ ጠይቁ፤ ትልልቆቹ ደስ ብሏቸው ያነቡላችኋል። አራተኛ፣ የጉዞ ፎቶ ከመልቀቃችሁ በፊት «አሁን ቤታችን ማን አለ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ትልቋ ልጄ የእናቴን አንድ ደብዳቤ፣ ከዚያ ጉዞ በፊት፣ ለትምህርት ቤት ሥራ ብላ ፎቶ አንሥታው ነበር። አንዱ ብቻ ተረፈ። አትሜ ምግብ ቤቱ ውስጥ ካሸሩ ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። ከላይ በትልልቁ «ለምወድህ ልጄ፣ ብርዱ እንዴት ነው?» ይላል። ስትመጡ አሳያችኋለሁ።

መንገደኞች፣ በሰላም ገብታችሁ በሰላም ተመለሱ። ቀሪዎቻችንም ቤታችንንና የጎረቤታችንን ቤት እንጠብቅ። እስከሚቀጥለው ወር ቸር ያሰንብተን።